ሰፈር ያሳደገው ልጅ

(ከሎሎጎ፣ ጁባ)

ከተወለደበት ከተማ ርቆ የሚኖር ሰው፣ ነጋዴም ይሁን ወታደር፣ ሾፌርም ይሁን ግንበኛ፣ ሲመሽ የሚያነሣው ጨዋታ ከሞላ ጐደል አንድ ዐይነት ነው። የቀኑ ሙቀት በረድ ብሎ ሻይ ሲቀርብ ወሬው ከገበያና ከምንዛሪ ይነሣና ሳይታወቅ ወደ ልጅነት ሰፈር ይዞራል። በጁባ ከተማ ደቡባዊ ክፍል በምትገኘው በሎሎጎ የምንኖር ኢትዮጵያውያንም ከዚህ ልማድ ውጭ አይደለንም። ማታ ማታ የምናነሣት ከተማ አዲስ አበባ ናት። ዛሬ ከዚህ ተነሥቶ በሁለት ሰዓት ያህል በረራ የሚደረስባትን አዲስ አበባ ማለቴ አይደለም፤ ከአርባና ከዐምሳ ዓመት በፊት በጭቃ ግድግዳዋና በባሕር ዛፍ ጢሷ ያሳደገችንን ያችን የዱሮዋን ነው።

በዚህ ጨዋታ ምን ጊዜም ሁለት ወገን ይፈጠራል። አንደኛው ወገን፣ “ያን ጊዜ ሰው ሰው ነበር፤ ፍቅር ነበር፤ ዳቦው እንኳ ይጣፍጥ ነበር” እያለ ሁሉን በማር የሚለውስ ነው። ሁለተኛው ወገን አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ ወጣት ሲሆን፣ “ዐሥር ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ የሚሰለፍበት ኑሮ ምኑ ይናፈቃል? ፈርሶ ሕንጻ ቢቆምበት ምን ጐደለ?” ሲል ይመልሳል። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት አለበት፤ ሁለቱም ግን ዋናውን ነገር ስተውታል ባይ ነኝ። ምክንያቴን ለማስረዳት ከአንድ ቃል ልነሣ።

ሰፈር የሚለው ቃል ከመሠረቱ የወታደር ቃል ነው። ጦር ተጉዞ ያረፈበት፣ ድንኳኑን የተከለበት ቦታ ሰፈር ይባላል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ተራራ ሥር በፍልውሃው አካባቢ ስትቈረቈር በመሐንዲስ ተነድፋ የተነሣች ከተማ አልነበረችም። ቤተ መንግሥቱ በመካከል ሆኖ መኳንንቱና የጦር አለቆቹ ከነተከታዮቻቸው በየኰረብታው ሰፈሩ። የራስ እገሌ ሰፈር፣ የደጃዝማች እገሌ ሰፈር እየተባለ እስከ ዘመናችን የደረሰው ስም የዚያ ድንኳን ቅርስ ነው። የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች የሰፈሩበትም ሠራተኛ ሰፈር ተባለ። ኋላ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ሲያዛውረው መርካቶ የሚለው ስም መጣ፤ አራዳም ፒያሳ ተባለ፤ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው ድርጅት መጠሪያ ደግሞ ካዛንቺስ የሚለውን ስም አወረሰን። ወራሪው በአምስት ዓመቱ ተባረረ፤ ስሙ ግን ቀረ፤ እኛም ልጆቹ ትርጕሙን ሳናውቀው “እኔ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ” እየተባባልን ተደባደብንበት።

እንግዲህ ሰፈር ሲጀመር ጊዜያዊ ነው። ሠራዊት ድንኳኑን ነቅሎ ሲሄድ የሚቀረው የምድጃ ዐመድ ብቻ ነው። ታዲያ ያን ጊዜያዊ ማረፊያ ልጅ ተወልዶ የሚያድግበት፣ ሽማግሌ የሚጦርበት፣ ሙት የሚለቀስበት ከተማ ያደረገው ምንድን ነው? ድንጋይና ሲሚንቶ እንዳልሆነ እዚያ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ድንጋዩና ሲሚንቶው ለአብዛኞቻችን አልደረሰንምና።

የአብዛኛው የአዲስ አበባ ልጅ ቤት የባሕር ዛፍ ማገርና ጭቃ ነበር። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ሥር የአቡጀዲ ኮርኒስ፣ ግድግዳው ላይ ጋዜጣ። ክረምት ሲገባ የቆርቆሮው ጩኸት የሰው ድምፅ አያሰማም፤ ጣራው ባፈሰሰበት ሁሉ ሳፋና ድስት ይደረደራል፤ ልጆችም የትኛው ሳፋ ቀድሞ እንደሚሞላ እየተወራረድን እንቅልፍ ይወስደናል። ጋዜጣው የሚለጠፈው ለብርድና ለአቧራ መከላከያ ይሁን እንጂ ለእኛ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ነበር። ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቈጥሮ፣ አቡጊዳውን ዘልቆ የመጣ ልጅ መደቡ ላይ ተጋድሞ የግድግዳውን ርእሰ አንቀጽ ያነባል፤ ለጣፊው ገልብጦት እንደ ሆነም ራሱን ዘቅዝቆ ያነባል። ዜናው ከወጣ ሁለትና ሦስት ዓመት ያለፈው ቢሆንም ማንበብ የለመድነው በእርሱ ነው። ይህ ጽሑፌም አንድ ቀን በማንም ቤት ግድግዳ ላይ ተገልብጦ ቢለጠፍ ቅር አይለኝም።

ውሃ የሚቀዳው ከቦኖ ነበር። ባልዲውና እንስራው፣ ኋላም ጀሪካኑ፣ በባለቤቱ ፋንታ በሰልፍ ይቆማል፤ ባለቤቱ ከአጥር ሥር ጥላ ይዞ ወሬ ይሰማል። በሰፈሩ ማን እንደ ወለደ፣ የማን ልጅ ፈተና እንዳለፈ፣ የትኛው ቤት ሰው እንደ ታመመ የሚታወቀው በቦኖው ነው። ጠብም አይጠፋም፤ ሰልፍ ያለፈ ባልዲ በርግጫ የተባረረበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን ደካማ እናት ስትመጣ “እማማ ይቅደሙ” ሳይባል የቀረበትን ቀን አላስታውስም። ይህን ያስተማረን መምህር አልነበረም፤ ሰልፉ ራሱ ነው። ሳንቲም የተቀበለው የቦኖ ጠባቂም ቢሆን ገንዘብ የሌላትን ሴት ባዶ ባልዲ አስይዞ ሲመልስ ከሰልፉ የሚሰማውን ማጕረምረም ይፈራ ነበር።

ልጅም የወላጁ ብቻ አልነበረም። ጋሼ እገሌ፣ እትዬ እገሊት እያልን የምንጠራቸው ጐረቤቶች የሥጋ ዘመድ ያልሆኑ፣ ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የመጡ፣ አንዳንዶቹ አማርኛ አፋቸውን ያልፈቱበት ሰዎች ነበሩ። እነርሱ ግን ለመላክም፣ ለመቈጣትም፣ ጆሮ ለመቈንጠጥም ሙሉ ሥልጣን ነበራቸው። በጐረቤት የተቈነጠጠ ልጅ ቤቱ ሄዶ ቢናገር የሚጠብቀው ተጨማሪ ቍንጥጫ ስለ ሆነ ነገሩን ዋጥ ማድረግ ይመርጥ ነበር። ያው ልጅ ግን እናቱ ገበያ ውላ ብትዘገይ በየትኛውም ቤት ማዕድ ቀርቦለት ይበላል። በፋሲካ ለእስላሙ ጐረቤት የራሱ ምግብ በተለየ ዕቃ ይዘጋጃል፤ በዓረፋና በዒድ ደግሞ የእስላሙ ቤት ለክርስቲያኑ ጐረቤት እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ሲደረግ ስለ መቻቻል የተናገረ ማንም አልነበረም፤ አለማድረጉ ነውር ስለ ነበር ብቻ ይደረግ ነበር።

ጨዋታችን በወቅት ይዞር ነበር። የብይ ወራት ነበረ፣ የቆርኪ ወራት ነበረ፤ ሴቶቹ ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ ወንዶቹ በካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን በሰፋነው ኳስ መስኮት እንሰብራለን። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ ይገመዳል፤ ችቦ ይበራል፤ በየደጁ ሆያ ሆዬ ተብሎ የተሰበሰበው ሙልሙልና ሳንቲም ሲከፋፈል የሚነሣው ክርክር የሸንጎ ያህል ነው። መስከረም ሲጠባ ተራው የአበባየሆሽ ልጃገረዶች ይሆናል። አንድ ሽልንግ፣ ማለት 50 ሳንቲም፣ የያዘ ልጅ ጌታ ነው፤ ስሙኒ፣ ማለት 25 ሳንቲም፣ የያዘም ፓስቲና ሻይ አያጣም። ገንዘብ ከተጠራቀመ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ አምፒር ወይም አዲስ ከተማ ይኬዳል። የህንድ ፊልም አይቶ የመጣ ልጅ ለሳምንት ያህል የሰፈሩ ተራኪ ነው፤ ቋንቋውን ሳያውቅ ዘፈኑን ይዘፍናል፤ ፊልሙን ያላየነውም ከሚያየው ይልቅ በእርሱ ትረካ አልቅሰናል። ሰይቼንቶ የምትባለው ትንሿ ፊያት ታክሲ የማትችለውን ሰውና ዕቃ ጭና አቀበቱን ስትወጣ ልጆች ከኋላ እንገፋታለን። ከአብዮቱ ወዲህ ደግሞ ተሳፋሪ በሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥባት መኪና መጣች፤ በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው ከሚደረገው የውይይት ክበብ ጋር አመሳስሎ “ውይይት” ብሎ የሰየማት ያው የከተማው ሕዝብ ነው። የአዲስ አበባ ሰው በምን ቀን ላይ ሆኖ እንደሚቀልድ ለማወቅ ይህ አንድ ስም ይበቃል።

እስከዚህ ያለው የማሩ ወገን ነው። አሁን ወደ ሬቱ እንለፍ፤ ሬቱን ሸሽጎ ትዝታ የሚያወራ ሰው ለልጆቹ ውሸት እያወረሰ ነውና።

ያች የምንናፍቃት ከተማ ሕፃናት በኩፍኝና በተቅማጥ የሚረግፉባት ከተማ ነበረች። ከሰፈራችን መካከል የሚወርደው ወንዝ የሁሉም ቤት ፍሳሽ ማራገፊያ ስለ ነበር በክረምት ሲሞላ የዳር ቤቶችን ግድግዳ እየገመሰ ይወስድ ነበር። በእንጦጦ ቍልቍለት የጀርባቸውን እጥፍ የሚያህል የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ሲወርዱ የምናያቸው ሴቶች የሰው እናቶች ነበሩ፤ እንጀራችን የሚጋገረውም በእነርሱ ወገብ ነበር። በ1966 ዓ.ም. የየካቲት ግርግር ባለታክሲዎች ሥራ ሲያቆሙ እኛ ልጆቹ ትምህርት ቤት በመዘጋቱ ተደሰትን፤ ትልልቅ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ግን ከዚያ ወዲያ ወደ ልጅነታቸው አልተመለሱም። በ1967 ዓ.ም. ብዙዎቹ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ዘመቱ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ጠዋት ዳቦ ለመግዛት የተላከ ልጅ በመንገድ ዳር ያየውን ሬሳ ለእናቱ ሳይናገር ዳቦውን ብቻ አስረክቦ የተቀመጠበት ቀን ነበረ። እናትም ልጇ ማየቱን ከፊቱ እያወቀች አልጠየቀችውም። ከዚያም ሰዓት እላፊ፣ የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ሰልፍ፣ የስኳርና የሳሙና ራሽን መጣ። ስለዚህ “ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ደግ ነበር” የሚለው ወገን በዚያ ሰፈር ለሞቱት ልጆች ምን ብሎ እንደሚመልስ አላውቅም።

ነገር ግን ሬቱንም ማሩንም ስናይ አንድ ነገር ሳይለወጥ ቆሞ እናገኘዋለን። ሰው ሲሞት፣ በደጉም ቀን ሆነ በክፉው፣ ድንኳኑን የተከለው ዕድር ነው። ወንበሩን ያመጣው፣ ንፍሮውን የቀቀለው፣ ሦስት ቀን ከሐዘንተኛው ጋር ያደረው ጐረቤት ነው። ዕድሩ ሟቹ ከየት ክፍለ ሀገር እንደ መጣ ወይም የማን ወገን እንደ ሆነ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የወር መዋጮውን መክፈሉን ነው። ይህንንም ቢሆን ድኻ ሲሆን ይተውለታል። የጦር ሰፈር የነበረው ቦታ ከተማ የሆነው በዚህ ነው እላለሁ። ድንኳን ለማረፊያ ከመተከል አልፎ ለጐረቤት ሐዘን ሲተከል ሰፈሩ ሥር ሰደደ ማለት ነው። ትዝታችንም ሲበጠር የሚቀረው ይኸው ነው፤ የዳቦውን ጣዕም የሰጠው ዱቄቱ እንዳይመስለን፤ ዳቦው የተቈረሰው ብዙ እጅ ባለበት ቤት ስለ ነበር ነው።

ይህን ያነሣሁት የቆየ ነገር ለማውራት ብቻ አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ትርፍ ቤት ሁሉ በአዋጅ ቍጥር 47 የመንግሥት ሲሆን የኪራይ ዋጋ ወረደ፤ ድኻው በከተማው እምብርት ከባለጸጋ ጐን ለመኖር ቻለ። ይህ መልካም ነበር። ዳሩ ግን የቀበሌ ቤት የተባለውን የሚጠግነው አልተገኘም። ተከራዩ “የኔ አይደለም” ሲል፣ ቀበሌውም “ኪራዩ አይበቃም” ሲል ግድግዳው ዘመመ፣ ጣራው ዛገ። የነዋሪውም ቍጥር በግንቦት 1976 ዓ.ም. ቈጠራ ከነበረው 1.4 ሚሊዮን ያህል ተነሥቶ በ1999 ዓ.ም. 2.7 ሚሊዮን ደረሰ። እንግዲህ የዱሮው ሰፈር በዱሮው ሁኔታ ይቀጥል ማለት ቂልነት ነው። የኮንዶሚኒየም ቤት ሥራ ሲጀመር የራሱ መጸዳጃና የውሃ ቧንቧ ያለው ቤት ውስጥ የገባች እናት ያፈሰሰችውን የደስታ እንባ የሚንቅ ሰው ቦኖ ላይ ተሰልፎ አያውቅም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ቤቱ የታደለው በዕጣ ነበር። ሠላሳ ዓመት በአንድ ግቢ የኖሩ ሦስት ቤተሰቦች አንዱ ወደ ጀሞ፣ አንዱ ወደ የካ አባዶ፣ አንዱ ወደ ኮዬ ፈጬ ሲበተኑ ዕጣው ለሦስቱም ቤት ሰጥቷል፤ ጐረቤት ግን ነሥቷል። ከዚያም በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የአራት ኪሎ አካባቢ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ስሞች ከምድር ተነሥተው በሰው አፍ ላይ ብቻ ቀሩ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል ይባላል፤ አምኛለሁ። ነገር ግን የሰባና የሰማንያ ዓመት አሮጊት አዲስ ቤት ስትገባ ማታ ቢያማት የምትጠራውን ሰው ስም ካላወቀች፣ እርስዋ ከከተማ ወጥታ ወደ ጦር ሰፈር ተመልሳለች፤ ያውም ያለ ጦር። መሐንዲሱ የቤቱን ፕላን ሲነድፍ የዕድሩን መዝገብ አብሮ ቢያየው ምን ያህል በከበደው ነበር? ግቢው በሙሉ በአንድ ብሎክ ይመደብ ማለት ከሲሚንቶ ላይ አንድ ኩንታል አይጨምርም። ወጣቱ ወገን “ፈርሶ ምን ጐደለ?” ሲል መልሱ ይህ ነው።

ይህ ሁሉ በሎሎጎ ሆኜ ለምን ይታየኛል ቢባል፣ አጥር የሚጋሩኝ ሰዎች ታሪክ ከእኔው ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ከጐረቤቶቼ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ያደጉት በጁባ አይደለም። ከ1975 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ወላጆች ይዘዋቸው ወደ ካርቱም ሸሽተው፣ በማዮ፣ በሐጅ ዩሱፍ፣ ወይም ስሙ ራሱ “አስገደዱን” የሚል ትርጕም ባለው በጀበሮና ያደጉ ናቸው። እዚያም ቤታቸው በተደጋጋሚ በዶዘር ፈርሷል፤ ልጆቹን ለማሳደግ መሪሳ የጠመቁ እናቶች ኦምዱርማን እስር ቤት ገብተዋል። በ1997 ዓ.ም. ሰላም ተፈርሞ፣ በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነጻነት ታውጆ ሲመለሱ ግን ማታ ማታ የሚያወሩት ስለ ካርቱም ነው። ሁለቱ ዓባዮች ስለሚገናኙበት ሞግረን፣ ስለ ሂላልና ስለ መሪኽ የእግር ኳስ ክርክር፣ ስለ ጧት ፉል ያወራሉ። በግንቦት 2004 ዓ.ም. በኮስቲ ወደብ ለወራት ጀልባ ሲጠብቁ ከቆዩት ወገኖች 12 ሺህ ያህሉ በአውሮፕላን ጁባ ሲደርሱ የያዙት ሻንጣና የካርቱም ዐረብኛ ነበር። አገራቸው ገብተውም “ከሰሜን የመጡ” መባል አልቀረላቸውም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተነሣው ጦርነት ይህን ትዝታ አጠቈረው። ሞግረን፣ ዴም፣ ባሕሪ ሁሉ የውጊያ ቦታ ሆኑ። በጅሬፍና በዴም ለዐሥርት ዓመታት የኖሩት የእኛም ሰዎች ከደቡብ ሱዳናውያኑ ጋር አብረው ተበተኑ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሱዳን ወደ ደቡብ ሱዳን ተሻግረዋል፤ አብዛኞቹም ተመላሾች ናቸው። የኔና የጐረቤቴ ልዩነት ይህ ነው፤ የኔን ሰፈር ያፈረሰው ዶዘርና ፕላን ሲሆን የእርሱን ያፈረሰው መድፍ ነው። በሻይ ሰዓት ግን ሁለታችንም የሌለ ቤት በር እየቈጠርን እንቀመጣለን። ከጐረቤቶቻችን መካከል ልጅነታቸውን እስከ 1983 ዓ.ም. በጋምቤላ በኩል በኢታንግ፣ በፉኝዶና በዲማ መጠለያ ያሳለፉም ስላሉ ወሬው አንዳንድ ጊዜ በዐረብኛ ተጀምሮ በአማርኛ ያልቃል።

ጁባ ራሷም ብትሆን የሰፈር ልጅ ናት። ከአሮጌዎቹ መንደሮች አንዱ የሆነው ማላኪያ፣ እንደ ሌሎቹ የሱዳን ከተሞች ማላኪያዎች ሁሉ፣ ከውትድርና ከተሰናበቱ ሰዎችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር የተያያዘ ስም ነው። በዐረብኛ መንደርን “ሐይ” ይሉታል፤ ይኸው ቃል ሕያው ማለትም ነው። በየካቲት 1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ስምምነት የመጀመሪያውን ጦርነት አስቁሞ ጁባን የደቡቡ አስተዳደር መቀመጫ ሲያደርጋት ከተማይቱ ሰፋ አለች፤ ከ1997 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በፍጥነት ፈነዳች። እኛም ሆቴልና ምግብ ቤት እየከፈትን፣ የውሃ ታንከር እየነዳን፣ ግንብ እየገነባን የመጣነው ያን ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ተኩስ ሲከፈትና በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲደገም ብዙ ሰው ሸሸ፤ ብዙዎቻችንም ተመለስን።

በሎሎጎ ዛሬ የሚያድገው ልጅ ውሃ የሚያገኘው በአብዛኛው ከዓባይ ቀድቶ ከሚያዞር ታንከር ነው። ታንከሩ ጥሩንባ ሲነፋ በርሜሉና ጀሪካኑ ይወጣል፤ ገንዘብ ያለው ይሞላል፤ የሌለው ይቆያል። ቦኖን የሚያህል ሰልፍ የለም። ሻጩ በየበሩ ስለሚቆም ሰው ከሰው የሚገናኝበት ምክንያት አነሰ። አጥሩ በቆርቆሮ ከፍ ብሎ ተሠርቷል፤ ሌብነት ስለ በዛ አይፈረድም። ልጁ ግን ቆርቆሮውን አልፎ ኳሱን ይከተላል፤ በጁባ ዐረብኛ ይጮኻል፤ ከባሪው፣ ከዲንቃው፣ ከኑዌሩ፣ ከእኛም ልጅ ጋር ይጣላል፤ ይታረቃል። ከዐርባ ዓመት በኋላ አንድ ቦታ ተቀምጦ ስለ ሎሎጎ የሚያወራው ይህ ልጅ ነው። የምናስብለት መንግሥት ወይም ድርጅት ብቻ መሆን የለበትም። በጃፓን ርዳታ ተሠርቶ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የነጻነት ድልድይ ከጁባ ወደ ጉምቦ ሰውን ያሻግራል፤ ከአንድ አጥር ወደ ሌላው አጥር ለመሻገር ግን ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አልሰማሁም።

ስደተኛ በሄደበት ሁሉ ሰው ሲሞትበት ገንዘብ አዋጥቶ አስከሬን ወደ አገር ይልካል። እኛም ይህን እናውቅበታለን። መዋጮው ግን ለአገር ልጅ ብቻ ነው፤ አጥር የሚጋራን ጐረቤት ሲሞትበት ሄደን እጅ ጨብጠን እንመለሳለን። ሐሳቤ አጭር ነው። የመዋጮው ደብተር ላይ ከአገር ልጆች ስም ቀጥሎ በአንድ መስመር ያሉ ጐረቤቶች ስም ይጻፍ፤ እነርሱም እኛን ይጻፉ። ድንኳንና ወንበር በጋራ ይገዛ፤ የሚቀመጥበት ቤት ተራ ይውጣለት። ቋንቋ ያስቸግራል የሚል ቢኖር፣ በልጅነታችን ሰፈርም አማርኛ ያልፈታ ጐረቤት ንፍሮ ከመቀቀል አልቀረም። ከሁሉ የሚከብደው የገንዘቡ ነገር ነው፤ የደቡብ ሱዳን ፓውንድ ዋጋው በየጊዜው ስለሚወርድ በጥር የተዋጣው በሰኔ ለግማሽ ድንኳን አይበቃም። ስለዚህ መዋጮው በስኳር፣ በዱቄትና በቡና ይሁን የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ።